ጥላ ውስጥ የገቡት ሹማምንት

አንድ ምላሰኛ ሠዓሊ ደጃዝማች ወንድይራድን ከነሹማምንታቸው በከሰል ሣላቸው። ጥላና ብርሃኑን በየፊቱ ስለበታተነው ሥዕሉ እንደ ቆቅ ላባ ዝንጉርጉር ሆነና ደጃዝማቹ፣ «እኔ የታለሁ?» አሉ።

ሠዓሊው ጥላውን ሁሉ ሰብስቦ ሹማምንቱ ላይ፣ ብርሃኑን ሁሉ ሰብስቦ ደጃዝማቹ ላይ አደረገው። ደጃዝማቹ ከሩቅ ቦግ ብለው ታዩ፤ ደስታቸው ወሰን አጣ።

አጋፋሪ በሻህ ግን ቱግ አሉ። «ጌታዬ፣ ይህ ባለጌ እኛን ጥላሸት ቀባን! ይገረፍልን!»

ሹማምንቱም «ይገረፍ!» እያሉ ተንጫጩ።

ሠዓሊው ጅራፉን ሲያስበው ገና ጀርባውን በላው፤ ምላሱ ግን አልፈራም። እጅ ነሣና፣ «ጌታዬ፣ አሁኑኑ አስተካክላለሁ። ከእርስዎ እኩል ላብራ የሚል ሹም ብድግ ይበልልኝ» አለ።

ደጃዝማቹ ሹማምንቱን አንድ በአንድ አዩአቸው። አጋፋሪው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ልጄ፣ እኔን እንኳ ትንሽ ጠቆር አድርገኝ» አሉ።