ልምድ ያላት ሲስተር

አቶ ምንውየለት ለሆስፒታሎች ነርስ የሚያቀርብ ድርጅት ባለቤት ናቸው። አንድ ጠዋት ገና የተመረቀችውን ሲስተር መቅደላዊትን እያሳዩ፣ «የአሥር ዓመት ልምድ አላት ብለሽ ነርስ ለጠየቀን ሆስፒታል ደውዪ» ሲሉ ጸሐፊያቸውን አዘዙ።

«ጋሼ፣ ልጅቷ እኮ መርፌ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጣል» አለች ጸሐፊዋ።

«ማንም ይውጋው፣ መርፌ ያው መርፌ ነው። ካልደወልሽ ነገ እንዳትመጪ።»

ጸሐፊዋ ገና ስልኩን ሳታነሳ አቶ ምንውየለትን የወገብ ሕመም ቀጥ አድርጎ ያዛቸው። ሐኪም መጥቶ መርፌ አዘዘላቸው። እሳቸውም ቢሯቸው ሶፋ ላይ በሆዳቸው ተኝተው፣ «ከሁሉም የበለጠ ልምድ ያላትን ነርስ ጥሪልኝ» አሉ።

ጸሐፊዋ መቅደላዊትን ይዛ ገባች።

አቶ ምንውየለት ቀና ብለው፣ «ይቺን ነው የምታመጪልኝ?» ሲሉ ጮኹ።

ጸሐፊዋም እንዲህ አለች፦ «ምነው ጋሼ፣ ጠዋት የሰጧት አሥር ዓመት እኮ ገና አልተነካም።»