ያስነጠሰው ድንጋይ

ተረት ተረት። «የላም በረት» ያላችሁም ተቀመጡ፣ ዝም ያላችሁም ተቀመጡ። እግራችን ጭቃ ነው የምትሉም ግቡ፤ የዛሬው ተረት የእናንተ ነው።

ድሮ ድሮ፣ ድስት በአፉ ይናገርበት በነበረ ዘመን፣ ከኮረብታ ሥር ቤቷን ቆፍራ የምትኖር አንዲት ፍልፈል ነበረች። ግድግዳዋ አፈር፣ ጣሪያዋ አፈር፣ ወለሏ አፈር። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ አፈር ስትጠርግ ትውላለች። ዓይኗ ደከም ያለ ስለሆነ የጠረገችውን ካልጠረገችው አትለይም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ደግማ ትጠርጋለች።

በዚህ ጠባይዋ ወዳጅ አልበረከተላትም። ጃርት «እሾህሽን አራግፊና ግቢ» ስትባል ተቀይማ ቀረች። ዶሮ «አትጫሪብኝ» ስትባል ተቀይማ ቀረች። የተረፈቻት አንዲት ኤሊ ብቻ ናት። ኤሊ ለመቀየም እንኳ ጊዜ ይፈጅባታል።

ታዲያ አንድ የክረምት ቀን ኤሊ ልትጠይቃት እንደምትመጣ መልእክት ላከችላት። ፍልፈል ደስ አላት፤ ደግሞም ፈራች። ጎረቤቷ ጦጣ «ከፍልፈል ቤት የወጣ፣ መቃብር ውሎ የመጣ ይመስላል» ብላ መንደሩን አዳርሳለች። «ይህችም እንደዚያ ብላ ከቀረችብኝ ማን አለኝ?» አለች ፍልፈል። ባቄላ በድስቱ ጥዳ መጥረጊያውን አነሳች።

ጠረጋው ገና ሳይጋመስ በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ኤሊ።»

«ውይ እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። እስቲ ጥቂት ቆዪ፤ ቤቱ አልተጠረገም።»

«እኔ እኮ ቤት ልገዛ አልመጣሁም።»

«ቆዪ ስልሽ።»

ድስቱ ከምድጃው ላይ ሆኖ፣ «ባቄላው በስሏል፤ ክፈቺላት» አለ።

«አንተ ክዳንህን ግጠም» አለችው።

ጠርጋ ስትጨርስ ወለሉን በእበት ለቀለቀችው። በሩ ሁለተኛ ተንኳኳ።

«እህቴ፣ ልግባ? ዝናቡ መጣ።»

«አሁን ለቅልቄ! እስኪደርቅ ቆዪ።»

«በክረምት ምን ይደርቃል?»

«ቆዪ።»

በርጩማው ከጥግ፣ «እኔ ደርቄያለሁ፤ እኔ ላይ ትቀመጥ» አለ።

«አንተን ማን ጠየቀህ? እግርህ ሦስት፣ ምላስህ አራት» አለችው።

በሩ ሦስተኛ ተንኳኳ፤ አሁን ቀስ ብሎ ነው።

«እህቴ፣ በረደኝ።»

«ጨረስኩ እኮ፤ ደጃፉ ብቻ ቀረኝ።»

ኤሊ አንገቷን ሰበሰበች፣ እግሯን ሰበሰበች፣ የድንጋይ ልብሷ ውስጥ ገብታ እንቅልፍ ወሰዳት። ጭቃው እየተረጨ ላይዋን አለበሳት።

በመጨረሻ ፍልፈል በሩን ከፈተች። «ኤሊ፣ በቃ ግቢ» አለች። የገባ የለም። «ዝናቡን ሸሽታ ዛፍ ሥር ገብታ ይሆናል፤ እስክትመለስ ደጃፉን ላጽዳ» ብላ ስትጠርግ አንድ ጠጣር ነገር አደናቀፋት። ጎንበስ ብላ ዳበሰችው፤ ጭቃ የለበሰ ድንጋይ።

«ይህ የጦጣ ሥራ ነው» አለች። «እንግዳዬ እንድታይብኝ ደጄ ላይ ጣለችው።»

መጥረጊያው በእጇ ሆኖ፣ «እትዬ፣ ድንጋዩ አስነጠሰ» አላት።

«በዚህ ክረምት ድንጋይስ ቢሆን ጉንፋን አይይዘውም?» አለችና እየገፋች ወስዳ ከቤቷ ቁልቁል ካለው የአመድ ጉድጓድ ደፋችው።

ከዚያ ገብታ ተቀመጠች። ቤቱ ጸዳ፣ ባቄላው ቀዘቀዘ፣ እንግዳ የለም።

«አያችሁ? እሷም ቀረችብኝ። እንዲህ ለፍቼላት! ምነው ሰው እንዲህ ይጨክናል?» ብላ አለቀሰች።

«ማን ነው የቀረው?» አለ ድስቱ። «ሦስቴ አንኳኳች።»

«ታዲያ የት ሄደች?»

ድስቱና በርጩማው ወደ መጥረጊያው አዩ።

«ደፋናት» አለ መጥረጊያው። «እኔ ነግሬሽ ነበር፤ ድንጋይ አያስነጥስም።»

ፍልፈል እየወደቀች እየተነሳች ቁልቁል ሮጠች። ኤሊ አመዱ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ እግሮቿን ወደ ሰማይ ሰቅላ ነበር።

«እህቴ» አለች ኤሊ፣ «ቤትሽ ጸዳ?»

«ይቅር በይኝ፤ አላወቅኩሽም።»

«ይቅርታው ይደርሳል፤ መጀመሪያ ገልብጪኝ።»

ገለበጠቻት። «ነይ እንግባ።»

«እግሬ አመድ ነው፤ ሆዴም ጭቃ ነው።»

ፍልፈል የለቀለቀችውን ወለል አሰበች። ብቻዋን ተቀምጣ ያለቀሰችውንም አሰበች።

«እንዳለሽ ግቢ» አለች።

ኤሊ ገባች፤ እርጥቡን ወለል ከበሩ እስከ ምድጃው አረሰችው። ባቄላው እንደገና ሞቀ፤ በርጩማው እንግዳ ተቀመጠበትና ምላሱን ሰበሰበ። የፍልፈል እጅ አንድ ሁለት ጊዜ ወደ መጥረጊያው ሄዶ ነበር፤ መጥረጊያው ግን የሞተ መስሎ ተኛ። ሁለቱ ወዳጆች ጦጣን ሲያሙ ዋሉ።

በማግስቱ ጦጣ ብቅ አለች። ወለሉ የኤሊን ዱካ እንደያዘ ደርቋል።

«ምነው ወለልሽ እንዲህ ተቦጫጨረ?» አለች።

«እንግዳ ነበረኝ» አለች ፍልፈል ደረቷን ነፍታ። ዱካውንም ክረምቱ እስኪወጣ አልለቀለቀችውም።

እናንተም ቤት ስታጸዱ የምትደፉትን እዩ። አቧራ ቢደፉት ነገ ተመልሶ ይመጣል፤ ወዳጅ ግን ሁሉም ኤሊ አይደለም።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ ማበሱም ይቅር፤ ስመጣ ብቻ በሩን ክፈቱልኝ።