ገመዷን በጆንያ ያሰለፈች መኪና

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ትሉኛላችሁ። በሉ ግድ የለም፤ የዛሬው በረት ውስጥ ያለችው ግን ላም አይደለችም፣ መኪና ናት። ተረት ሁሉ ድሮ ድሮ ብሎ ይነሣል። የእኔ ድሮ ብዙም አይርቅም፤ መኪና አፍ አውጥታ ትናገር በነበረበት ዘመን ነው።

አቶ ሽባባው የሚባል ገበሬ ባሕር ዛፉን ሸጠና በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና ገዝቶ መጣ። ቤንዚን አትጠጣ፣ ገለባ አትበላ፤ ገመዷን ሶኬት ላይ ከሰኩላት ትጠግባለች። ችግሩ፣ በአቶ ሽባባው ቤት መብራት አልገባም። በዚያ አገር መብራት ያለው ከቤቱ ቁልቁል ካለው ወፍጮ ቤት ብቻ ነው።

ሚስቱ ወይዘሮ ይታክቱ መኪናዋን ዞር ዞር ብላ አየቻትና፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ካደረሰችኝ እሰየው። ሦስት ጊዜ መንገድ ላይ ከቆመች ግን የዶሮ ቆጥ አደርጋታለሁ» አለች።

መኪናዋ ደነገጠች። የቤቱ አውራ ዶሮ ግን ደስ አለው፤ የድሮው ቆጥ ጠብቦት ነበር።

አርብ ሲሆን አውራ ዶሮ መጣና፣ «እሜቴ መኪና፣ አንቺን የመሰለች እመቤት ከጤፍ ጆንያ ኋላ ትሰለፋለች? ጥሩምባሽን ንፊና ግቢ» አላት።

የወፍጮ ቤቱ ልማድ እንዲህ ነው፦ እህል ያመጣ ሁሉ ጆንያውን በሩ ላይ በተራ ያስቀምጣል። ባለቤቱ ወደ ሥራው ይሄዳል፣ ጆንያው ተራውን ይጠብቅለታል። ጆንያ ያላስቀመጠ ቢጮህ ቢያለቅስ አይገባም። መኪናዋ ከየት ታውቀዋለች? ቁልቁል ተንሸራታ ወረደች፣ ጥሩምባዋን ነፋች፣ ገባች። እሷና አያ ወፍጮ ከአንዱ መብራት አብረው ሲጠጡ ድርግም አለ። እህል ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶችም ገመዷን ነቅለው ወደ ውጭ ወረወሩት።

በማግስቱ ቅዳሜ ወደ ገበያ ስትሄድ ዳገቱ መሀል ቆመች። በሬዎች ጎትተው መለሷት፤ እሜቴ አህያም ከፊት ከፊት መንገድ መራች። «አንድ» አለ አውራ ዶሮ።

በሁለተኛው አርብ አውራ ዶሮ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ ጥሩምባው ቢቀር ጆንያዎቹን ገፋ ገፋ አድርጋ እንድታልፍ መከራት። ገፋች። የአንዱ ጆንያ ሆድ ተቀደደ፣ ጤፍ መሬት ላይ ፈሰሰ። አቶ ሽባባው በጉልበቱ ተንበርክኮ ጤፍ ሲለቅም ዋለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው። ሊመሽ ሲል ወፍጮው አዝኖላት ጥቂት አቀመሳት። ቅዳሜ ያው ዳገት ላይ ቆመች። «ሁለት» አለ አውራ ዶሮ፤ የትኛዋ ዶሮ የትኛው ወንበር ላይ እንደምትሰፍርም ይመድብ ጀመር።

በሦስተኛው አርብ መኪናዋ አለቀሰች። እሜቴ አህያ ሰማቻትና ቀረብ አለች።

«እኔ በዚያ ወፍጮ ቤት በር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ቆሜያለሁ» አለቻት። «እዚያ የሚሰማው ጥሩምባ አይደለም፣ ጆንያ ነው። ጆንያ አስቀምጪ።»

«እኔ ምን እህል አለኝ?»

«ገመድሽስ?»

አቶ ሽባባው ገመዱን ጠቅልሎ ጆንያ ውስጥ ከተተና ከአንዲት ባልቴት ገብስ ኋላ አስቀመጠው። ሴቶቹ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ግን ያን ጆንያ ማንም አልገፋውም፤ እንዲያውም ዘመም ሲል ባልቴቷ አቃናችው። ተራው ሲደርስ አያ ወፍጮ፣ «ድንጋዬ አርብ ከቀትር በኋላ ይወቀራል። ሲወቀር እኔ ሥራ ፈት ነኝ፣ መብራቱ ያንቺ ነው። እስኪበቃሽ ጠጪ» አላት። ጠጣች፣ ጠገበች።

አውራ ዶሮ ይህን አላየም። ቅዳሜ ማለዳ አዲሱን ቤቱን ልሞክር ብሎ በኋላው ወንበር ገባና ለስላሳው ላይ እንቅልፍ ወሰደው። መኪናዋ ይታክቱንና ጎረቤቶቿን ይዛ ተነሣች። ዳገቱ ደረሰ፤ ሁሉም ትንፋሹን ያዘ። ዳገቱ አለፈ። ይታክቱ መኪናዋን እንደ ላም ጀርባ መታ መታ አደረገቻት፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ቆጥ አልተነሣም።

ገበያው ጋ ሲደርሱ መኪና ያየ ሁሉ ለመልስ ጉዞ ጆንያውን በአጠገቧ ይደረድር ጀመር። አውራ ዶሮ የነቃው አንድ ገበያተኛ ክንፉን አንጠልጥሎ ክብደቱን ሲሞክር ነው።

«እሜቴ መኪና» አለ አውራ ዶሮ፣ «እባክሽ አሁኑኑ ወደ ቤቴ መልሺኝ።»

«ተራ አለ፣ አያ አውራ ዶሮ» አለች መኪናዋ። «ጆንያ አስቀምጠሃል?»

ይታክቱ አውራ ዶሮዋን ለይታ ባትደርስለት ኖሮ ወጥ ሆኖ ነበር። በመጨረሻው ተራ፣ ከገመዱ ጋር በአንድ ጆንያ ታስሮ አገሩ ገባ። ዛሬም በዚያው በጠባቡ ቆጥ ነው የሚያድረው፤ ቆጠራም ትቷል።

ጥሩምባ ያስደነግጣል፣ ዳገት የሚያወጣው ግን ተራ ነው። እንግዲህ ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን የምታብሱበት ዳቦ ግን አይቸኩል፣ እህሉ ገና ወፍጮ ቤት ተራ ይዟል።