ይመናሹ የሰጠችው ማገናኛ

በአዋሽ ዳር ባለ አንድ የጥጥ እርሻ፣ ሰው ሥራውን ሳያጣራ ሲቸኩል የሚወረወርበት ቃል አለ። ብዙዎች ብለውት ይስቃሉ፤ መነሻውን የሚያውቅ ግን አይስቅም።

ይመናሹ ከእርሻው ካምፕ ዳር ብቻዋን ትኖር ነበር። አንድ ልጇ አስናቀ የተባይ መድኃኒት የምትረጨው ትንሽ አውሮፕላን አብራሪ ነው። ጎህ ሲቀድ በጣሪያዋ ላይ ሲያልፍ የክንፉን መብራት ብልጭ ያደርግላታል፤ እሷም ደጅ ቆማ ነጠላዋን ታውለበልባለች። ከሰው ጋር ያላት ጨዋታ ይኸው ብቻ ነው። ብልጭታው የዘገየ እንደሆነ ድንኳን ሲተከል፣ ሬሳ ሲገባ ይታያታል።

አንድ ቀን የመብራቱ ሽቦ ተበጠሰ። ሽማግሌው መካኒክ ጋሽ መርሻ፣ «ሽቦ ነክሶ የሚይዝ ማገናኛ ከከተማ አመጣለሁ። እስከዚያ በቀን ያለ መብራት ብረር፤ ሽቦውን ግን እንዳትነካው» ብለው ሄዱ።

አስናቀ ለእናቱ ሊነግራት መጣ።

«እስኪመለሱ ብልጭታ የለም፣ እማዬ።»

«አንተ መሆንህን በምን አውቃለሁ?»

«በዚህ ሰማይ ከኔና ከአሞራ ሌላ ማን አለ?»

«አሞራማ ሬሳ ፍለጋ ነው የሚዞረው። ስሙን አትጥራብኝ።» ዓይኗ ወደ ጣሪያው ሄደ። የአምፖሏ ሽቦ የተቀጠለው በብሎን በሚጠብቅ የፕላስቲክ ማገናኛ ነበር። «ያንን ፍታና ውሰድ።»

«የቤት እኮ ነው። ደግሞ ጨለማ ውስጥ ልትቀመጪ?»

«የሚመጣ እንግዳ የለኝ። እኔ ቤት ስንት ዓመት ይዞ የለም? ላንተ ጥቂት ቀን ይያዝልህ።»

ሳቀና ወሰደው።

በማግስቱ ክንፉ ብልጭ አለ። ያን ማለዳ ብቻ ይመናሹ ክፉ አላሰበችም። አውሮፕላን ግን ሲበር ይንቀጠቀጣል፤ ብሎኑ ላላ፣ ሽቦው ሾልኮ ብረት ነካ፣ የአብራሪው ክፍል በጭስ ታፈነ። ነጠላዋን ሳታወርድ አውሮፕላኑ ጥጡ መሃል ሲወድቅ አየች።

አስናቀ ተረፈ፤ ወገቡ ግን ዳግም ለማብረር አልሆነም። ያ ስትናፍቀው የኖረችው ልጅ አሁን ደጇ ላይ ይውላል። ባዶውን ሰማይ ያያል እንጂ አያናግራትም።

ጋሽ መርሻ ሊጠይቋቸው መጡ።

«እኔ ቤት ያን ያህል የያዘ፣» አለች ይመናሹ፣ «እንዴት አንድ ማለዳ መያዝ አቃተው?»

ሽማግሌው ማገናኛውን ከኪሳቸው አወጡ። አንዱ ሽቦ እንደተሰካ ነበር፤ በሁለት ጣት ሳብ ቢያደርጉት ወጣ።

«ቤትሽ ባለበት ቆሞ ነው የሚያድረው፣ ይመናሹ። እኔ ሽቦ ወደ ላይ የምለቀው እዚሁ ጎትቼ፣ ጎትቼ፣ አልወጣም ሲለኝ ነው።» ወደ አስናቀ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በምድር ያልፈተኑት በሰማይ ይፈታል።»