የእመት አህያ ዳማከሴ

አንድ ጊዜ እመት አህያ ከውርንጭላዋ ጋር በአንዲት ጠባብ ጎጆ ትኖር ነበር። ደጅ የተከለችውን ዳማከሴ አንዴ ፍየል፣ አንዴ ውርጭ እየጨረሰባት ብትቸገር፣ አንዲት ቅርንጫፍ አንገቱ በተሰበረ ገንቦ ተክላ ከቤቷ ውስጥ መስኮቷ ሥር አኖረች። ጎረቤቶቿ «ቤትሽን ጫካ አደረግሽው!» እያሉ ሳቁባት። ምች ሲመታቸው ግን ሳቁን ትተው ይመጣሉ፤ እሷም ቀንጠብ አድርጋ ትሰጣለች። እመት ቀበሮማ አንድ ቀን ግንባሯን በሻሽ አስራ፣ እያቃሰተች መጥታ ከሁሉም ወፍራሙን ቅርንጫፍ ወስዳለች።

ከዕለታት አንድ ቀን አያ ጅቦ ጥንብ ጠግቦ ፀሐይ ላይ ቢጋደም ምች መታው። እየተንቀጠቀጠ ከአህያ ደጅ ደረሰ።

«እመት አህያ፣ ራሴ ሊፈነዳ ነው! ዛሬስ ለመንከስም አቅም የለኝ!»

አህያ ቅጠሉን በመስኮት ወረወረችለት። ጅብ ጤናውን ሲያገኝ አመሉንም አገኘ።

«አንዲት ቅርንጫፍ እንዲህ ካዳነችኝ፣ ገንቦው ሙሉ ቢኖረኝማ ሞትም አይደፍረኝ!»

አህያ ከነውርንጭላዋ ወንዝ እስክትወርድ ጠበቀና ገንቦውን ታቅፎ ሄደ። ማንም እንዳያየው ከዋሻው ጓዳ ከትቶ በድንጋይ ዘጋበት። ቶሎ እንዲወፍርለትም የአጥንት መረቅ አጠጣው።

ያን ዕለት ውርንጭላው ላብ እንዳጠመቀው ወንዝ ገብቶ ሲቦርቅ ኖሮ፣ ቤት ሲደርስ እግሩ ከዳው። ትኩሳቱ ነደደ። አህያ ወደ መስኮቱ ብትሮጥ ገንቦው የለም። እየጮኸች ቀበሮ ቤት ገባች።

«እመት ቀበሮ፣ ዳማከሴዬን ሰረቁኝ! ልጄ ሊሞትብኝ ነው!»

ቀበሮ አንገቷን ደፋች። ከመስኮቷ ሥር፣ በቅል ውስጥ፣ ለምለም ዳማከሴ ቆሟል።

«ያን ጊዜ ምች አልመታኝም ነበር» አለች። «ለመትከል ነው ብልሽ የምትከለክይኝ መስሎኝ ዋሸሁሽ።»

«እሰይ! እንኳን ዋሸሽኝ!» አለች አህያ፣ እንባዋ እየወረደ። «እግዜር ይስጥሽ እህቴ፣ እንኳን ዋሸሽኝ!»

ቅጠሉን ጨምቀው አጠጡት፤ ገላውንም አሹት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ውርንጭላው ጆሮውን አቁሞ ጡት ፈለገ። አህያ ከደስታዋ ብዛት ቀበሮን ሳመቻት። ቀበሮም አንዲት ቅርንጫፍ ቆርጣ «በይ፣ ያንቺው ናት፤ ትከያት» አለቻት።

ብዙም ሳይቆይ ጅብ ዳግመኛ ምች መታው። ድንጋዩን ቢያንከባልል ያገኘው መረቅ መረቅ የሚሸት ደረቅ እንጨት ነው። ገንቦውን ታቅፎ፣ እያፈረ መስኮቷ ሥር ቆመ። አህያ አየችው፤ አሳዘናትም።

«ገንቦዬን አቀብለኝና ቅጠልህን ውሰድ» አለችው። በሩን ግን አልከፈተችም።

ከዚህ የምንማረው ለብቻችን የደበቅነው መድኃኒት እጃችን ላይ እንደሚደርቅ፣ ለጎረቤት ያካፈልነው ግን በጭንቃችን ቀን ከጎረቤት መስኮት ሥር ለምልሞ እንደሚጠብቀን ነው።