አስካለን ያሳከሙ ሦስት ጡረተኞች

በአንድ ወቅት፣ የባቡሩ ጡሩንባ ጸጥ ካለ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በአንዲት የቆላ ከተማ ሦስት ጡረተኞች ይኖሩ ነበር። ሦስቱም ጉልበታቸውን ለባቡሩ የሰጡ፣ ሦስቱም ሚስቶቻቸውን የቀበሩ ሰዎች ናቸው። ደምሰው ባቡር ነጂ ነበር፤ ዛሬም ሲያወራ ከሞተር ድምፅ በላይ ለመሰማት የሚጮህ ይመስላል። ገብረሕይወት የጣቢያው ሒሳብ ሹም ነበር፤ እንኳን በሰው ላይ በድመት ላይ ዋሽቶ አያውቅም። ሁንዴ የወርክሾፑ በያጅ ነበር፤ ብዙ አይናገርም፣ የተናገረውን ግን አያጥፍም።

ጓደኛሞች ነበሩ ብል እዋሻለሁ፤ ጠላቶች ነበሩ ብልም እንደዚያው። ቅናተኞች ነበሩ። የቅናታቸው ምክንያት ደግሞ አንዲት ሴት ናት።

ወይዘሮ አስካለ በዚያው ጣቢያ ቲኬት ስትሸጥ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። በሥራ ዘመኗ በትንሿ መስኮት በኩል ለመጣው ሁሉ ፈገግ ትል ነበር። ሦስቱም ታዲያ ያ ፈገግታ ለእኔ ብቻ ነበር ብለው ያምናሉ። ወንድ ሲያረጅ ጉልበቱ እንጂ ጉራው አይደክም።

ከዕለታት አንድ ቀን ደምሰው ሽማግሌ ላከባት። ገብረሕይወት ይህን ሲሰማ ምግብ አልወርድ አለው፤ እሱም ላከ። ወሬው ሁንዴ ጋ ደረሰ፤ እሱም ላከ። በከተማዋ ለሽምግልና የሚሆኑ ሰዎች ጥቂት ነበሩና ለሦስቱም የሄዱት እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው። ለሦስተኛ ጊዜ በሯን ሲያንኳኩ አስካለ ሳቋ አመለጣት።

«ደግሞ የማንን ይዛችሁ መጣችሁ?»

«የሁንዴን» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

«እንግዲያው ሦስቱንም ጥሩልኝ።»

ሦስቱ መጡ፤ አንዱ ከሌላው ራቅ ብሎ ተቀመጠ። አስካለ እንዲህ አለቻቸው፦ «ባለቤቴ ኩላሊቱን ታሞ፣ ማሳከሚያ አጥተን፣ እዚችው ክፍል ውስጥ ግድግዳ እያየ ነው የሞተው። እኔ እንደሱ መሞት እፈራለሁ። ወርቅ አልፈልግም፤ ቀሚስም አልፈልግም። የጡረታ ደሞዜ ለአስቤዛ እንጂ ለሐኪም አይተርፍም። ብታመም በምን ታሳክሙኛላችሁ? እሱን ንገሩኝ።»

ሴትዮዋ ገብጋባ ናት የሚል ካለ አፉን ይያዝ። የገዛ ባሏ ግድግዳ እያየ ሲሞት ያየች ብቻ ትፍረድባት። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

ደምሰው ቀደመ። «እኔ የግል የጤና ኢንሹራንስ አለኝ። ከራሴ ሌላ የፈለግሁትን አንድ ሰው ያስገባልኛል። ግል ሆስፒታል ነው፤ ወረፋ የለ፣ ግፊያ የለ።»

«የማይሸፍነውስ?»

ደምሰው ይህን አልጠበቀም። «ጣሪያ አለው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለሁለት ሰው ተብሎ የተመደበው ገንዘብ አንድ ነው። ዓመቱ ሳያልቅ እሱ ካለቀ፣ አለቀ።»

ገብረሕይወት ቀጠለ። «እኔ የወረዳው የጤና መድን አባል ነኝ። መዋጮው ለጡረተኛ አይከብድም፤ ቀዶ ሕክምና ቢሆን እንኳ ይሸፍናል። ሚስትም በባሏ ካርድ ትታከማለች።»

«የማይሸፍነውስ?»

«መጀመሪያ ከጤና ጣቢያ ሪፈር መጻፍ አለበት። ወረፋ አለ። መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ከጠፋ ደግሞ ከውጭ ገዝቶ ነው።»

ሁንዴ መሬት መሬት እያየ ነበር። «እኛ የወርክሾፕ ጡረተኞች እድር አለን» አለ። «መቅበር ብቻ አይደለም፤ አባል ወይም የአባል ሚስት ስትታመም ከገንዘብ ሣጥኑ ይወጣላታል፤ አስታማሚም ተራ ገብቶ ያድራል።»

«የማይሸፍነውስ?»

«ትልቅ በሽታ። ሣጥናችን ትንሽ ናት።»

አስካለ ሦስቱንም አየቻቸው። የግሉ ፈጣን ነው፣ ግን ያልቃል። የወረዳው ሰፊ ነው፣ ግን ያስጠብቃል። የእድሩ ቅርብ ነው፣ ግን አይበቃም። «እስከ ጥምቀት ጊዜ ስጡኝ» አለች።

እስከ ጥምቀት! ለወጣት ይህ ምንም አይደለም፤ ለቀናተኛ ሽማግሌ ግን ዘመን ነው። ደምሰው በማግስቱ ሄዶ የአስካለን ስም ከኢንሹራንሱ ውል ላይ ከራሱ ስም ሥር አስጻፈ። ሁንዴ የተገነጠለ የግቢ በሯን በየደላት፤ ከዚያ ወዲህ ደምሰው ባለፈ ባገደመ ቁጥር በሩ የሚያሾፍበት ይመስለው ጀመር። ገብረሕይወት በበኩሉ እሁድ ከቅዳሴ ስትወጣ ጃንጥላ ይዞ ይጠብቃታል፤ ሁንዴ ጃንጥላውን ሲያይ ዝናብም ፀሐይም እንዳይኖር ይመኛል። ሰላምታ ሲለዋወጡ እንኳ «እንዴት አደርክ» የሚሉት ነገር ለመፈለግ ነበር።

ጥምቀት ሳይደርስ አስካለ ታመመች። ቀኝ ጎኗን ቆርጦ ያዛት፤ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ጎረቤቶቿ የወፍ በሽታ ነው ብለው ቅጠል ጨምቀው አጠጧት። ባሰባት። ሰውነቷ እንደ ረመጥ ጋለ፤ ሰው መለየትም ተሳናት።

መጀመሪያ የደረሰው ደምሰው ነው። በመኪና አሳፍሮ ትልቁ ከተማ ወዳለ የግል ሆስፒታል ወሰዳት። ያለ ወረፋ ተመረመረች፣ በአልትራሳውንድ ታየች፤ ጠጠር የሐሞት ቧንቧዋን እንደዘጋው የታወቀው እዚያ ነው። ሐኪሙ «ቶሎ ካልተከፈተ ትሞታለች፤ መጀመሪያ ግን ትኩሳቷ ይውረድ» አለ። ደምሰው የታመመ ጉልበቱን በዚያው ወር ሊያስቀይር ቀጠሮ ይዞ ነበር። የኢንሹራንሱ ሰው «ለእሷ ከዋለ ለእርስዎ አይተርፍም» ቢለው «ለእሷ ይዋል» አለ። ትኩሳቷ ወረደ፤ ቀዶ ሕክምናው ሊደረግ ሲል ግን የኢንሹራንሱ ጣሪያ ሞላ። ደምሰው ከሆስፒታሉ የወጣው በከዘራ እየተደገፈ ነው፤ ዛሬም ያነክሳል።

ቀጥሎ የገብረሕይወት ተራ ሆነ። በባሏ ስም የነበረው የአስካለ የቀድሞ የመድን ካርድ የኩላሊት እጥበት ሳይሸፍንለት ከእሱ ጋር ተቀብሯል። የዓመቱ ምዝገባ ደግሞ አልፏል። የቀበሌው ሠራተኛ «አዲስ ያገባ ሰው ሚስቱን ያስመዘግባል እንጂ ከጊዜው ውጭ ሌላ አይቻልም» አለው። ገብረሕይወት፣ ያ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው፣ «ሚስቴ ናት» አለ።

«ሁለት ምስክር ያምጡ።»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ! አስካለን በደንብ የሚያውቅ፣ ደግሞም ፈጥኖ የሚደርስ ምስክር ከየት ይምጣ? ደምሰውና ሁንዴ ተጠሩ። ደምሰው ከዘራውን ተደግፎ «አዎ፣ ሚስቱ ናት» አለ፤ ያ ነጎድጓድ የሚያክል ድምፁ የት እንደገባ እንጃ። ሁንዴ ጥርሱን ነክሶ ፈረመ። ሰው የሚወዳትን ሴት ለተቀናቃኙ በገዛ እጁ ሲድር ማየት ያሳዝናል፤ እኔ በቦታው ብሆን አለቅስ ነበር። አስካለ በዚያው ካርድ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ተላከች፤ ቀዶ ሕክምናው ተደረገላት፤ ጠጠሩ ወጣ።

ነገር ግን ቁስሉ አመረቀዘ። የታዘዘው መድኃኒት ከሆስፒታሉ ጠፍቶ ነበር፤ ከውጭ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ይሄኔ ሁንዴ እድርተኛው በተሰበሰበበት ተነሳ።

«ለአስካለ መድኃኒት ስጡልኝ።»

«ምንህ ናት?» አለ የእድሩ ዳኛ።

ሁንዴ እንደ ገብረሕይወት መዋሸት ይችል ነበር። ግን «ምኔም አይደለችም» አለ።

«የገብረሕይወት ሚስት ሆናለች ሲባል ሰምተናል እኮ! ለሰው ሚስት ነው ሣጥን የምንከፍተው?» ብሎ አንዱ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። ሁንዴ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ።

«እንግዲያው የራሴን ስጡኝ። ለቀብሬ የምታወጡትን አሁን አውጡት። ስሞት ድንኳን አትትከሉ፣ የሬሳ ሣጥን አትግዙ፣ አትምጡ።»

እድርተኞቹ እንደ ሁንዴ ልጅ የሌለው ሰው ቀብሬን ውሰዱ ሲል ሰምተው አያውቁም። ብዙ ለመኑት፤ ብዙ ተቆጡት። በመጨረሻ ስሙን ከእድርተኛው ሰርዘው የጠየቀውን ሰጡት። መድኃኒቱ ተገዛ፤ አስካለም ዳነች።

ስትድን ደግሞ ቅናቱ አብሯት ዳነ። ሦስቱም በየፊናቸው አጥሚት ይዘው ይመጣሉ፤ እሷም ለሰላም ስትል ከሦስቱም እኩል ትጎነጫለች። ከማን ጀመረች ብለው ግን ይቆጥሩባታል። ደምሰው እያነከሰ ሲገባ ከወትሮው በላይ ያነክሳል። ገብረሕይወት ካርዱን ከደረት ኪሱ ሳያወጣ ውሎ አያውቅም። ሁንዴ ስለ ቀብሩ አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ ሁለቱን ግን ዝምታው ከጉራ በላይ ያቃጥላቸው ነበር።

ከሆስፒታል በምትወጣበት ቀን ነርሷ ከበሩ ላይ ተጣራች፦ «የአቶ ገብረሕይወት ባለቤት!»

አስካለ ሌላ ሴት መስላት ዞር ብላ ፈለገች። ማንም አልነበረም። ገብረሕይወት ፊቱ ሲቀላ አየችና ገባት።

ቤቷ እንደገባች ሦስቱን ጠርታ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ አስነገረቻቸው። የደምሰውን ጉልበት ሰማች፤ የገብረሕይወትን ውሸት ሰማች፤ የሁንዴን ቀብር ሁንዴ አልናገርም ስላለ ደምሰው ነገራት። አስካለ አለቀሰች። ከዚያ ተቆጣች።

«አድናችሁኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ልጠይቃችሁ። ይህን ሁሉ ስታደርጉ እኔን ነበር የምታዩት ወይስ እርስ በርሳችሁ?»

ደምሰው አቀረቀረ። «እውነቱን ልናገር? እነሱን ነበር። ሌላ ሰው ቀድሞኝ ከሚያሳክምዎት ጉልበቴ ቢቀር ይሻለኝ ነበር።»

ገብረሕይወት ቀጠለ። «እኔ እርስዎን ነበር። ውሸቱን የዋሸሁት እንዳይሞቱብኝ ነው። ሁለቱ ሲፈርሙ ሳይ ግን ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ ንስሐ ልገባበት አልቻልኩም።»

ሁንዴ ተከተለ። «እኔም እርስዎን። አሁን ግን ቀባሪ እንደሌለኝ ሳስብ፣ አንዳንድ ቀን በእርስዎ እናደዳለሁ።»

«ሁላችሁም እውነት ተናገራችሁ» አለች አስካለ። «አንዳችሁም ግን ፈቃዴን አልጠየቃችሁኝም።»

እንግዲህ እናንተ የምትሰሙ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው ያለው። የጥምቀቱ ቀጠሮ በሕመሟ መካከል አልፏል፤ የወረዳው መድን የዓመቱ እድሳት ግን ነገ ነው። አስካለ ቀበሌ ቀርባ በካርዱ ላይ ሚስት ተብላ ትቀጥል ወይም ትሰረዝ እንደሆነ መናገር አለባት፤ ሐኪሙ ደግሞ ገና ክትትል አለብሽ ብሏታል።

ገብረሕይወትን ብትመርጥ ውሸቱ እውነት ይሆናል፤ ምስክሮቹም ከክስ ይድናሉ፤ ሕክምናዋም አይቋረጥም። ግን ሳትጠየቅ የተዳረች ሴት ትሆናለች፤ ሁንዴም ያለ ቀባሪ ይቀራል። ሁንዴን ብትመርጥ የእሷ የሰፈር እድር ለበሽታ ባያወጣም የአባልን ባል ስለሚቀብር ቀብሩ ይመለስለታል፤ ገብረሕይወት ግን ሐሰት በመናገሩ ይጠየቃል፤ የፈረሙትም አብረውት፣ ሁንዴ ራሱ ጭምር። ደምሰውን ብትመርጥ ዓመቱ ሲታደስ ኢንሹራንሱ እንደገና ሙሉ ይሆናል፤ ያ ግን ለእሱ ጉልበት ይሁን ወይስ ለእሷ ክትትል? እሱስ ያገባው እሷን ነው ወይስ በሁለቱ ላይ የተቀዳጀውን ድል? ማንንም አልፈልግም ብትልም መብቷ ነው፤ ነገ የሚታደሰው ግን የነበረ ካርድ ብቻ ነውና፣ አዲስ ምዝገባ ሳይከፈት ዳግመኛ ብትታመም ያችው ክፍል፣ ያው ግድግዳ ይጠብቃታል።

አንዱ የዛሬ ጤናውን ሰጠ፤ አንዱ ዕድሜ ልኩን የጠበቀውን እውነት ሰጠ፤ አንዱ የመጨረሻ ቀኑን ሰጠ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ቢጎድል አስካለ ዛሬ የለችም። ፍረዱ እንግዲህ፤ ስትፈርዱም እኔን አትዩ፣ እሷን እዩ። አስካለ የምትገባው ለማን ነው?