ብርቄ የወደቀች ዕለት

በአንድ ወቅት፣ ሰው ውኃ ለመጠጣት እንኳ ክንዱ ላይ የታሰረውን ማሽን በሚያስፈቅድበት ዘመን፣ ብርቄ የምትባል መካን ሴት በአንድ የአበባ እርሻ ትሠራ ነበር። ማሽኑ የፈጠነውን «ጎበዝ» ብሎ ኮከብ ይሰጠዋል፤ የዘገየውን ይነዝረዋል። ኮከቡ አይበላ፣ አይለበስ። ነገር ግን የልጆች አባት የሆኑ ሰዎች ምሳቸውን ትተው በኮከብ ብዛት ይፎካከሩ ነበር።

ብርቄ ሦስት ወጣቶችን ከአገሯ አምጥታ፣ ቤቷ አሳድራ፣ ሥራ አስለምዳለች፦ ሳህሉን፣ ጥሩነሽንና መርዕድን። አንድ ቀን ፀረ ተባይ በተረጨበት የአበባ ቤት ውስጥ ትንፋሽ አጥሯት ስትወድቅ ሦስቱም አጠገቧ ነበሩ።

ሳህሉ የዕለቱ አንደኛ ለመሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ማሽኑ «አታቋርጥ» አለው። እንደ ግንድ ተራምዷት አበባውን መቁረጥ ቀጠለ። አንደኛም ወጣ።

ጥሩነሽ ማሽኗን «ሰው ወድቋል፣ ላንሳ?» ብላ ጠየቀች። መልስ እስኪመጣ የብርቄ ከንፈር ሲጠቁር ቆማ አየች። «ተፈቅዷል» ሲላት ግን አዝላት እስከ ክሊኒኩ ሮጠች፤ ነፍሷንም አተረፈች። ለዚህም ኮከብ ደረሳት፤ ደስ አላት።

መርዕድ የራሱን ማሽን በጥሶ፣ «እኔ የማንም በሬ አይደለሁም» እያለ በድንጋይ ቀጠቀጠው። ሰው ሲከበው ንግግሩ ረዘመ። የወደቀችውን ዞር ብሎም አላየ። ከሥራ ተባረረ፤ ሌሎቹ ሠራተኞች ግን እሱን አይተው ማሽናቸውን ፈቱ፤ የእርሻው ባለቤትም ሳይወድ ማሽኖቹን ሰበሰበ።

ብርቄ ዳነች፤ ሳንባዋ ግን ለሥራ አልሆነም። ሦስቱ ሊጠይቋት መጡ።

«አንዳችሁን ብቻ ልጄ ብዬ እቤቴ አስገባለሁ» አለቻቸው። «ተናገሩ።»

«እትዬ ብርቄ፣ እያየሁሽ ነው የተራመድኩሽ። ሰበብ የለኝም» አለ ሳህሉ።

«እኔ ባላዝልሽ ዛሬ አትናገሪም ነበር» አለች ጥሩነሽ።

«እኔ ባልሰብረው ነገ ሌላዋ ትወድቅ ነበር» አለ መርዕድ።

ብርቄ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች። ነገሩን የሰሙ ጎረቤቶቿ ከሦስቱ የሚናቀውን ለመምረጥ አልተቸገሩም፤ ሁሉንም ናቁ። እሷ ግን የሚጦራት ያስፈልጋታል።

ፍረዱ እንግዲህ፦ «ልጄ» መባል የሚገባው ለማን ነው?